ውድ አምበሌ፦ ስለ ጉልበት ልጠይቅሽ

ውድ አምበሌ፣

የእጄን ጽሑፍ ስታዪ መጀመሪያ የምትይው «አለች እንዴ?» እንደሚሆን አውቃለሁ። አለሁ። አባባ ሲያርፉ አልደወልሁም፤ ከሠልስቱ በኋላ እደውላለሁ ብዬ አፈርሁ፣ ከአርባቸው በኋላ እደውላለሁ ብዬ ደግሞ የባሰ አፈርሁ፣ ሙት ዓመታቸውም አለፈ፣ ከዚያ ወዲያ ስልኩን ባነሣሁ ቁጥር ሐፍረቱ ቀድሞኝ እየተቀመጠ ይኸው ሁለት ዓመት ተኩል ሆነ። ነፍሳቸውን በአጸደ ገነት ያኑርልን። ይቅርታውን እዚህ ላይ የማቆመው ጸጸቱ አልቆልኝ አይደለም፤ ከቀጠልሁበት ዋናውን ነገር ሳልጽፍ አልቅሼ ወረቀቱን እንደምቀድደው ስለማውቅ ነው። የቀረውን በስልክ ትሰድቢኛለሽ፤ አሜን ብዬ እቀበላለሁ።

የጻፍሁልሽ ስለ ክርስትና ልጅሽ፣ ይልቁንም ስለ ጉልበቷ ነው። ባለፈው ዓመት ኅዳር ላይ፣ በባድሚንተን ልምምድ መካከል፣ ከበስተኋላዋ የወረደባትን ኳስ ከራሷ በላይ ለመምታት ወደ ኋላ ዘልላ በግራ እግሯ ብቻ ስታርፍ ጉልበቷ ወደ ውስጥ ታጠፈ። ግድግዳው ሥር ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ድምፁን ሰማሁት፤ ደረቅ ጭራሮ ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ነው። የፊተኛው መስቀለኛ ጅማት ተበጥሶ ኖሮ ከጭኗ በስተኋላ ካለው ጅማት ቆርጠው አዲስ ሠሩላት፤ ዘጠኝ ወር ያህልም መራመድን፣ ደረጃ መውጣትን፣ በአንድ እግር መቆምን እንደ ሕፃን እንደገና ተማረች። ይህን ላንቺ ማስረዳት ለቀባሪ ማርዳት ነው። ጉልበትሽ የተጎዳበት ያ የመረብ ኳስ ፍጻሜ ጨዋታ በየሌሊቱ እየመጣ አንቺን ተሸክመን የወጣንበትን በር ያሳየኛል።

«ባድሚንተን ደግሞ ምን ጨዋታ ሆኖ!» ብለሽ እንደምትስቂ አልጠራጠርም። እኔም እናንተ ግቢ ልብስ የሚሰጣበትን ገመድ መረብ አድርገን የተጫወትነው፣ ላስቲኩ ኳስ ጣሪያ ላይ ሲቀር የሚያበቃው ጨዋታ ነበር የሚመስለኝ። የውድድሩ ኳስ ግን 16 የዝይ ላባ የተሰካበት፣ አምስት ግራም ያህል ብቻ የሚመዝን ነገር ሆኖ ሳለ ታላላቆቹ ተጫዋቾች ሲመቱት በሰዓት ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ይወረወራል፤ ላባው ደግሞ አየሩን ስለሚይዘው መሬት ሳይደርስ ፍጥነቱን ይጥላል። ተጫዋቹን የሚገድለው ይህ ነው፤ አንዱ ኳስ እንደ ጥይት ይመጣል፣ ቀጣዩ መረቡ ሥር ጠብ ይላል፣ እግር ሁለቱንም ለማግኘት ባለ በሌለ ኃይሉ ይሮጣል፣ ይቆማል፣ ይዘልላል። የጉልበት ጨዋታ ነው፣ በሁለቱም ትርጉሙ።

የክርስትና ልጅሽን በዚህ ነገር የለከፈቻት ካሮሊና ማሪን የምትባል እስፓኛዊት ናት። ፎቶዋ ከአልጋዋ በላይ፣ አንቺ ከላክሽላት የእመቤታችን ሥዕል አጠገብ ተለጥፏል፤ እንዳትቆጪ፣ ሥዕሉ ከፍ ብሎ ነው የተሰቀለው። ታሪኳን በየማታው ስሰማ ስሰማ እንደ ዳዊት መድገም ጀምሬአለሁ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፍልሻለሁ፣ በኛው መቁጠር ከተውሁ ቆይቻለሁና። በ1993 ዓ.ም. ዌልቫ በምትባል የደቡብ እስፓኝ የወደብ ከተማ ተወለደች፤ ለአባትና ለእናቷ አንድ ናት። በልጅነቷ የፍላሜንኮ ዳንስ ትማር ነበር፤ አንዲት ጓደኛዋ ወደ ባድሚንተን አዳራሽ ይዛት ሄደችና ዳንሱ በዚያው ቀረ። (ሁሉም ነገር የሚጀምረው በጓደኛ መሆኑን ልብ በይልኝ፤ እኔንስ መረብ ኳስ ውስጥ የዶልሽኝ ማን ነው?) ዳንሱ ግን ከእግሯ ጨርሶ የወጣ አይመስለኝም፤ ኳስ ከመቀበሏ በፊት ወለሉን የምትረግጥበት አኳኋን ሌሎቹ ላይ አይታይም። በአሥራ አራት ዓመቷ ከቤት ወጥታ ማድሪድ ወዳለው የብሔራዊ ቡድን ማሠልጠኛ ገባች፣ ፈርናንዶ ሪቫስ የሚባለው አሠልጣኝም በእጁ ያዛት። እናቷ እንዴት እንደለቀቀቻት አስባለሁ። እኔ የኔዋን ብቻዋን በባቡር እንኳ አላሳፈርሁም።

እስፓኝ በዚህ ስፖርት ስም አልነበራትም። በኦሊምፒክ የሴቶች ነጠላ ወርቅ ከ1992 እስከ 2012 ድረስ ከኢንዶኔዥያ፣ ከኮሪያና ከቻይና እጅ ወጥቶ አያውቅም። ይህች ልጅ በ2014 ኮፐንሃገን ላይ የኦሊምፒክ ሻምፒዮኗን ሊ ሹዌሩይን አሸንፋ በሃያ አንድ ዓመቷ የዓለም ሻምፒዮን ሆነች፤ በዓመቱ ጃካርታ ላይ ደገመችው። በ2016 ሪዮ ላይ ከሕንዷ ፒ. ቪ. ሲንዱ ጋር ለወርቅ ስትጫወት የመጀመሪያውን ዙር 21 ለ19 ተሸንፋ የቀሩትን 21 ለ12 እና 21 ለ15 ወሰደች፤ ከእስያ ውጭ የዚህን ውድድር ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። በ2018 ናንጂንግ ላይ ሦስተኛውን የዓለም ዋንጫ ስትጨምር በነጠላ ሦስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የሆነች ሴት ከሷ በፊት አልነበረችም።

በዓይኔም አይቻታለሁ። በ2024 ሚያዝያ የአውሮፓ ሻምፒዮና እዚሁ ጀርመን፣ ዛርብሩከን ላይ ሲደረግ ልጅቱ ስለ ለመነችኝ ከፍራንክፈርት በባቡር ሄድን። ግራኝ ናት፤ በቴሌቪዥን ከምትታየው ይልቅ ቀጭን ናት፤ ድምፅዋ ግን የአዳራሹን ቆርቆሮ የሚያነሣ ነው። ነጥብ ባገኘች ቁጥር ቡጢዋን ጨብጣ ትጮኻለች፣ ከዚያም ሌላውን ለመጀመር እንደ ቸኮለ ሰው ፊቷን ታዞራለች። እኔ ሴት ልጅ በአደባባይ አትጮህም እየተባልሁ ያደግሁት፣ የራሴንም ልጅ እንደዚያው ላሳድግ የሞከርሁት፣ መጀመሪያ አንገቴን ደፋሁ፤ ከዚያ አንቺ ትዝ አልሽኝና ሳቄ መጣ። አምበል ሳለሽ ዳኛው «እባክሽ ድምፅሽን ቀንሺ» ብሎ የለመነሽን እኮ አልረሳሁም። ማሪን ዋንጫውን ወሰደች። በመመለሻው ባቡር የክርስትና ልጅሽ ያንን ጩኸት ስትለማመድ ተሳፋሪው ሁሉ ወደኛ ዞረ፤ ኬንያውያን ነን ልል ምንም አልቀረኝ።

አሁን ወደሚያስጨንቀኝ ልግባ። የማሪንን ጉልበት ታሪክ ልጄ ከራሷ ሐኪም ማስታወሻ አብልጣ ታውቀዋለች። በ2019 ጥር ጃካርታ ላይ በፍጻሜ ጨዋታ 10 ለ4 እየመራች የቀኝ ጉልበቷ ጅማት ተበጠሰ፤ በስምንት ወሯ ተመልሳ የቻይናን ዋንጫ ወሰደች። በ2020 አባቷ በሥራ ላይ አደጋ ደረሰባቸውና ከወራት በኋላ ዐረፉ። ይህን በሰማሁበት ሌሊት ስልኩን አንሥቼ ስምሽ ላይ ደርሼ ነበር፤ መልሼ አስቀመጥሁት። እሷ አባቷን በቀበረች ስድስት ወር ሳይሞላ ባንኮክ ላይ ሁለት ውድድር በተከታታይ አሸነፈች። ቶኪዮ ኦሊምፒክ ሁለት ወር ሲቀረው ግን ግራ ጉልበቷ ተራውን ያዘ፤ ጅማቱም፣ በጉልበቱ አጥንቶች መካከል እንደ ትራስ የሚያገለግሉት ሁለቱ ሜኒስከሶችም ሄዱ። አንድ ዓመት ያህል ጠፍታ በ2022 ሚያዝያ ማድሪድ ላይ፣ በገዛ አገሯ ሕዝብ ፊት፣ የአውሮፓ ሻምፒዮን ሆና ተመለሰች። ልጄ ትረካዋን የምታቆመው እዚህ ላይ ነው፤ «አየሽ እማዬ፣ ሁለት ጊዜ ተመልሳለች» ትለኛለች።

ሦስተኛውን እሷ አታነሣም፣ እኔም አላነሣም፣ ሁለታችንም ግን አንድ ሶፋ ላይ ተቀምጠን አይተነዋል። ፓሪስ፣ በ2024 ነሐሴ መባቻ፣ ግማሽ ፍጻሜ፤ ከቻይናዋ ሃ ቢንግጅያኦ ጋር። የመጀመሪያውን ዙር 21 ለ14 ወስዳ ሁለተኛውን 10 ለ6 ትመራ ነበር። አንድ ኳስ ዘልላ መታችና ስታርፍ የቀኝ ጉልበቷ ከዳት። ተነሣች፣ የጉልበት መደገፊያ አስራ ተመለሰች፣ ሁለት ነጥብ ያህል ቆማ ሞከረች፤ ከዚያ ወለሉ ላይ ተንበርክካ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች። እየመራች ነበር፣ አምበሌ። እስካሁን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው፤ ብትሸነፍ ኖሮ ይቀልለኝ ነበር። ቢንግጅያኦ የብር ሜዳሊያዋን ስትቀበል የእስፓኝን ዓርማ የያዘች ትንሽ የደረት ፒን በእጇ ይዛ ቆመች። ልጄ ያን ጊዜ ነው ማልቀስ የጀመረችው። እኔ ወጥ እንዳይከስል የማይ መስዬ ወደ ማድ ቤት ሄድሁ፤ እሳቱ ላይ የተጣደ ወጥ አልነበረም።

ኃይሌም በ2010 ኒው ዮርክ ላይ በጉልበቱ ምክንያት አቋርጦ እያለቀሰ ሩጫ አቆምሁ ካለ በኋላ ሐሳቡን ለውጦ መመለሱን አውቃለሁ፤ ያኔ አገር ሁሉ «እሰይ» ሲል እኔም እልል ብያለሁ። ለሌላ ሰው ልጅ እልልታ ቀላል ነው።

ኑዛዜዬን ልጨርስ። ሐኪሙ ከአንድ ወር በፊት ልምምድ እንድትጀምር ፈቅዷል። ከሦስት ሳምንት በፊት ደግሞ ለክፍለ ሀገሩ የወጣቶች ቡድን ምርጫ የሚጠራት ደብዳቤ በፖስታ መጣ። እሷ ትምህርት ቤት ነበረች፤ ከፍቼ አነበብሁትና መሶቡ ውስጥ ሸሸግሁት። እናቴ የሰፋችውን፣ አንቺ ቦሌ ድረስ ተሸክመሽ ያስጫንሽልኝን መሶብ። እዚህ እንጀራ የምናኖረው ፍሪጅ ውስጥ ስለ ሆነ ማንም አይከፍተውም። በየቀኑ «ፖስታ የለም?» እያለች ትገባለች፣ እኔም ዓይኗን ሳላይ «የለም» እላለሁ። ለባለቤቴ እንኳ አልነገርሁትም።

ደብዳቤውን ከሰጠኋት የጭራሮውን ድምፅ ሁለተኛ ልሰማ ነው። ካልሰጠኋት ደግሞ፣ ያንቺን ፊት ዐሥር ዓመት ሙሉ አይቻለሁ፤ መረብ ኳስ በተነሣ ቁጥር ሻይ ልታፈይ ትነሺ የነበረውን። የተውሽው ጉልበትሽ እምቢ ብሎ ነው ወይስ እኛ ሁላችን «በቃሽ» ስላልንሽ? አንድ ቀንም ደፍሬ አልጠየቅሁሽም፤ «በቃሽ» ካሉት መካከል ድምፄ የጎላው እኔ ስለ ነበርሁ ይመስለኛል። እባክሽ ይህን አሁን መልሺልኝ፤ ለኔ መመለሱ ቢከብድሽ እንኳ ለእሷ ንገሪያት። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ደውዪላት፤ ያንቺን ስልክ ክፍሏ ገብታ፣ በር ዘግታ ነው የምታነሣው። እኔን ማናገር ካላሰኘሽ አልቀየምም። ስለ መሶቡ ግን ምንም አትበያት፤ እሱን እኔው ልንገራት። ምርጫው ላይ መገኘቷን እንድናሳውቅ የሰጡን ጊዜ እስከ ወሩ መጨረሻ ነው፤ ዛሬ ዐሥራ ሁለት ቀን ቀርቶታል።

መረብ ሥር ስትቆሚ ከኋላሽ የነበረችው፣
ያችው ጓደኛሽ