ከ«አልፈተሽም» በኋላ ያሉት ደቂቃዎች

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ከፒያሳ እስከ ሜክሲኮ፣ ከለገሃር እስከ አራት ኪሎ ባሉ ሕንፃዎች በር ላይ «ለፍተሻ ይተባበሩ» የሚል ጽሑፍ ማየት የተለመደ ነው። ቃሉ ጨዋ ነው፤ ትብብር ይጠይቃል። የሚጠየቅ ነገር ደግሞ ሊከለከል ይችላል። ሲከለከል ምን እንደሚደረግ ግን በአብዛኛው በር ላይ የተጻፈ ነገር የለም። እኛ በጥበቃ፣ በፍተሻና በፈታሾች ሥልጠና ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው ስለዚያ ክፍተት ነው። የምናነሳውም የእንግዳውን ሳይሆን የሠራተኛውን ፍተሻ ነው፤ በሆቴል የጓሮ በር፣ በሱፐርማርኬት መጋዘን፣ በወርቅ ቤት፣ በልብስ ስፌትና በመድኃኒት መደብር ፈረቃ ሲያልቅ የሚደረገውን። እንግዳ ካልተመቸው ፊቱን አዙሮ ሌላ ቤት ይገባል። ሠራተኛ ግን ነገም እዚያው በር ላይ ይቆማል፤ እንጀራው ነውና።

ብዙ አሠሪዎች «ግቢው የእኔ ነው» ከማለት ስለማያልፉ ከሕጉ እንነሳ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ማንኛውም ሰው መኖሪያ ቤቱ፣ ሰውነቱና ንብረቱ ከመመርመር የመጠበቅ መብት እንዳለው ይደነግጋል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግም በአንቀጽ 11 ሕግ ከፈቀደው ውጭ ማንም ሰው ነፃነቱ ሊገደብ ወይም ሊፈተሽ እንደማይችል ይናገራል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 12 የሠራተኛውን ሰብዓዊ ክብር መጠበቅን የአሠሪው ግዴታ አድርጎታል። ክብሩን የሚነካ ድርጊት ወይም ወሲባዊ ትንኮሳ የደረሰበት ሠራተኛ በአንቀጽ 32 መሠረት ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራውን ሊለቅ ይችላል። በወንጀል የተያዘ ሰው እንኳ የሚፈተሸው በራሱ ፆታ ሰው እንዲሆን በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 32 ጽፏል። ፖሊስ እጅ የገባ ተጠርጣሪ የተሰጠውን ጥበቃ 8 ሰዓት ሙሉ ሳህን ስታጥብ የዋለች ሴት የምታጣበት ምክንያት አይታየንም።

ስርቆት የለም አንልም፤ አለ፣ አሠሪም ንብረቱን መጠበቅ ይገባዋል። ነገር ግን የሰው ገላ መዳበስ ስርቆትን ለመከላከል ደካማው ዘዴ ነው። በእጅ የሚያዘው የብረት መፈተሻ መሣሪያ፣ ዲቴክተሩ፣ የሚያውቀው ብረት ብቻ ነው። ለታጠፈ የብር ኖት፣ ለክኒን፣ ለጨርቅ አይጮህም። የልብስ መደብር ሠራተኞችን በዲቴክተር ማዳረስ ጊዜ ከማባከን በቀር የሚያስገኘው ነገር የለም። በወርቅ ሥራ ላይ ደግሞ ከእጅ ይልቅ ሚዛን ይታመናል። ጠዋት ለሠራተኛው የተሰጠው ወርቅ በግራም ተመዝኖ ይመዘገባል። ማታ የተሠራው ጌጥ፣ ቁራጩና ከጠረጴዛው የተጠረገው ብናኝ አንድ ላይ ይመዘናል፤ ለብክነት አስቀድሞ የተስማሙበት መጠን ይቀነሳል። ሠራተኛው ኪስ የሌለው ጋዋን ከለበሰና የእጅ መታጠቢያው ውኃ ወንፊት ውስጥ እንዲያልፍ ከተደረገ ብብቱን የሚዳብስ ሰው አያስፈልግም። በሆቴልና በሱፐርማርኬት ሎከሩ ከመጋዘኑ ውጭ ይሁን፤ ወደ ሥራ ቦታ የሚገባው ውስጡ የሚታይ የላስቲክ ቦርሳ ብቻ ይሁን፤ የራስ ላፕቶፕ ሲገባ መለያ ቁጥሩ ይመዝገብ። ኃላፊ የሰጠው ትርፍ ምግብ ወይም ዕቃ የሚወጣው ፊርማ ባለበት የመውጫ ፈቃድ ወረቀት (ጌት ፓስ) ይሁን። አብዛኛው የበር ላይ ጭቅጭቅ የሚነሳው ከዚህች ወረቀት መጥፋት ነው፤ ሰጪው ኃላፊ ወደ ቤቱ ሄዷል፣ ተቀባይዋ ብቻዋን ትጠየቃለች።

ዲቴክተሩን የሚጠቀሙ ደግሞ አሠራሩን ይወቁት። ከሰውነት ከ3 እስከ 5 ሳንቲሜትር ርቆ፣ ሳይነካ ነው የሚሄደው። ብዙዎቹ በባለ 9 ቮልት ባትሪ ይሠራሉ። ባትሪው ሲደክም ወይ ዝም ይላል ወይ በከንቱ ይጮኻል፤ ፈታሹ ግን ማሽኑን ትቶ ሰውየውን ይጠረጥራል። በየፈረቃው መጀመሪያ ላይ አንድ ቁልፍ አስጠግቶ መሞከር በቂ ነው። እግር አካባቢ የሚሰማው ጩኸት ብዙ ጊዜ ከወለሉ ኮንክሪት ውስጥ ካለው ፌሮ የሚመጣ ነው። የላሜራ በር ሥር ተቁሞ ሲፈተሽም ያው ነው፤ ሁለት እርምጃ ፈቀቅ ማለት ብዙ ጫማ ከማስወለቅ ያድናል። የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ የተተከለለት ሰው ደረት ላይ ማሽኑን ማቆየት አይገባም። እንዲህ ያለ ሰው ሁኔታውን ለመናገር እንዳይሳቀቅ «በሰውነትዎ ውስጥ የተተከለ መሣሪያ አለ?» የሚለውን ጥያቄ ፈታሹ አስቀድሞ ለሁሉም ያንሳ።

ሰልፉ ሌላው ችግር ነው። 40 ሴት ሠራተኞች ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ አብረው ይወጣሉ እንበል፤ ያለችው ሴት ፈታሽ አንዲት ናት። ለአንድ ሰው 90 ሰኮንድ ቢፈጅ የመጨረሻዋ የምትወጣው 5 ሰዓት ላይ ነው። ታክሲ ያልፋታል፤ ያ አንድ ሰዓትም ደመወዝ የለውም። በዚህ መሐል ነው ነገር የሚበላሸው። ፈታሿ ትቸኩላለች፣ እጇ ይከብዳል፣ ቦርሳ ራሷ ትከፍታለች፤ ኃላፊው ደግሞ ሰልፉ እንዲቀልለት «ግማሾቹ ወደ ወንዱ ሂዱ» ይላል። መፍትሔው ሁሉንም አለመፈተሽ ነው። አንድ ከረጢት ውስጥ 9 ነጭና 1 ቀይ ኳስ ይግባ፤ እያንዳንዱ ወጪ፣ ሥራ አስኪያጁን ጨምሮ፣ ሳያይ አንድ አውጥቶ ይመልስ፤ ቀይ የደረሰው ይፈተሽ። ማን እንደሚፈተሽ ፈታሹ ካልመረጠ ቂምም አድልዎም አይኖርም። በእያንዳንዱ ፈረቃ ቢያንስ ሁለት ሴትና ሁለት ወንድ ፈታሾች ይኑሩ። አንዷ ብቻ ካለች ሽንት ቤት በሄደችበት ቅጽበት ደንቡ ይፈርሳል። የፍተሻው ጊዜ ከሥራ ሰዓት ይቆጠር፤ አሠሪው ራሱ ሲከፍልበት ሰልፉ ያጥራል።

በእጅ መፈተሽ የመጨረሻው ነው፤ ሲደረግም በልክ ነው። ሠራተኛው ኪሱንና ቦርሳውን ራሱ ትሪ ላይ ያራግፋል፤ ፈታሽ እጁን ቦርሳ ውስጥ አይከትም። ከዚያ መጋረጃ ወይም በር ባለው፣ ካሜራ በሌለው ክፍል፣ ተመሳሳይ ፆታ ያለው አንድ ምስክር ባለበት፣ ከልብስ በላይ ብቻ ይፈተሻል። ፈታሹ ከፊት ሳይሆን ከጎን ይቆማል፤ የሚነካውንም ቦታ ከመንካቱ በፊት ይናገራል። ጡትና ጭን አካባቢ ከደረሰ በመዳፍ ሳይሆን በእጁ ጀርባ ነው፤ መዳፍ ይጨብጣል፣ የእጅ ጀርባ አይጨብጥም። ነጠላ ባለቤቷ ራሷ ትዘረጋዋለች፤ ሒጃብን ራሷ ዳብሳ ታሳያለች፤ ማተብ አይጎተትም። ሞዴስ መሆኑ የታወቀ ነገር «አውጪና አሳዪ» አይባልም። ልብስ ማስወለቅ የግል ጥበቃ ሥራ አይደለም፤ እዚያ የሚያደርስ ጥርጣሬ ካለ ጉዳዩ የፖሊስ ነው።

ማን ይፈትሽ በሚለው ላይ ሳንሸሽ መናገር ያለብን ነገር አለ። ፈታሽ ሰውን በዓይኑ ገምቶ ወደ ወንድ ወይም ወደ ሴት ሰልፍ ይልካል። ግምቱ ይስታል። ፀጉሯን አሳጥራ የተቆረጠች ሴት አለች፣ ድምፁ የቀጠነ ወንድ አለ፣ ሲወለድ የፆታ አካሉ ከተለመደው የተለየ ሰው አለ፣ ራሱን የሚያይበት ፆታ መታወቂያው ላይ ከተጻፈው የማይገጥም ሰውም አለ። በሰልፍ ፊት «ወንድ ነህ ሴት?» የተባለ ሰው ነገሩ እዚያ አያበቃለትም። ባልደረቦች ይሰማሉ፣ ወሬው ከፈረቃ ወደ ፈረቃ ይሻገራል፣ ሰውየው ወይም ሴትዮዋ ሥራ ይለቃሉ። ሌላ አገር ይህ ጉዳይ ፍርድ ቤት ደርሷል። የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሚያዝያ 8 ቀን 2017 ዓ.ም. በአገሪቱ የእኩልነት ሕግ ውስጥ «ሴት» የሚለው ቃል ተፈጥሯዊ ፆታን እንደሚያመለክት ወሰነ፤ የትራንስፖርት ፖሊሱም ወዲያው በቁጥጥር ሥር ያሉ ሰዎች በተወለዱበት ፆታ መሠረት እንደሚፈተሹ አስታወቀ። በአሜሪካ አየር ማረፊያዎች ያለው የሙሉ ሰውነት ማሽን ደግሞ ለዓመታት ኦፕሬተሩ የወንድ ወይም የሴት ቁልፍ እንዲጫን ይጠይቅ ነበር። አካሉ ከተጫነው ቁልፍ ጋር ያልገጠመ ተጓዥ ላይ ማሽኑ ምልክት ያወጣ፣ ቀጥሎም መዳበስ ይመጣ ነበር።

እኛም አገር ሰው በዚህ ላይ አንድ ሐሳብ እንደሌለው እናውቃለን። በር ላይ የቆመ ፈታሽ ግን ክርክሩን እንዲፈታ አይጠበቅበትም። ሁሉንም ሠራተኛ፣ መልክ ሳይለይ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ «በሴት ነው በወንድ የሚፈተሹት?» ብሎ ይጠይቅ። የተመረጠው ፈታሽ ካልተስማማ ደግሞ ፍተሻው በትሪና በዲቴክተር ይለቅ። መንካት ሲቀር ማን ይንካ የሚለው ጭቅጭቅም ይቀራል። መታወቂያ አውጣና ፆታህ ይታይ ማለት ግን የሥራ በር ጉዳይ አይደለም።

ፈታሾችም እምቢ የማለት መብት አላቸው፤ ይህ ሲነሳ ብዙም አንሰማም። ፈታሿ አብዛኛውን ጊዜ የኤጀንሲ ሠራተኛ ናት፤ ደመወዝ የሚከፍላት አንዱ፣ የሚያዛት ሌላው። ወንዱ ፈታሽ ሲቀር የሕንፃው ኃላፊ «ዛሬ ወንዶቹንም አንቺ አዳርሺ» ይላታል። እምቢ ካለች ለኤጀንሲው ስልክ ይደወላል፣ በማግስቱ ከቦታዋ ትነሳለች። ስለዚህ በሕንፃውና በኤጀንሲው መካከል በሚፈረመው ውል ላይ «ፈታሽ ከራሱ የተለየ ፆታ ያለውን ሰው በእጅ እንዲፈትሽ አይታዘዝም፤ አልችልም በማለቱም ደመወዙ አይቆረጥም፣ ከምድቡ አይነሳም» የሚል አንቀጽ ይግባ። ፈታሹም ይህን የሚናገረው ለሱፐርቫይዘሩ፣ ተፈታሹ በማይሰማበት ይሁን። መብቱ ገደብ አለው። የሰውን ብሔር፣ ሃይማኖት፣ ሕመም ወይም አካል ጉዳት አይቶ «ይህን አልፈትሽም» ማለት አድልዎ ነው፤ እንዲህ ያለውን እምቢታ አንደግፍም።

አሁን ሠራተኛው «አልፈተሽም» አለ። ፈታሹ እጁን ይሰበስባል፣ አንድ እርምጃ ወደኋላ ይላል፣ ድምፁን ከፍ አያደርግም። አማራጮቹን ይናገራል፦ ራስዎ ያራግፉ፣ በማሽን ብቻ ይሁን፣ ሌላ ፈታሽ ይምጣ፣ ወደ ክፍሉ እንግባ። አሁንም አይሆንም ከተባለ ሱፐርቫይዘር ይጠራል፤ ከ10 ደቂቃ በላይ ማስጠበቅ አይገባም። መዝገቡ ላይ ሰዓቱ፣ የተጠየቀው፣ እምቢ የተባለውና የቀረበው አማራጭ ይጻፋል፤ ሁለቱም ይፈርማሉ፣ ሠራተኛው ቅጂ ይወስዳል። «ተጠርጣሪ» የሚል ቃል አይገባበትም። ከዚያ ሠራተኛው ይወጣል። የጠፋ ዕቃ በስም ታውቆ፣ በካሜራ የታየ ወይም ምስክር ያለው ነገር ካለ ፖሊስ ይጠራል። እጅ ከፍንጅ ያልተያዘን ሰው በር ቆልፎ ማቆየት ግን ጥበቃውን ራሱን በሕግ ያስጠይቃል፤ ትእዛዙን የሰጠው ኃላፊ ያን ጊዜ አጠገቡ አይገኝም።

የዲሲፕሊን ጥያቄ የሚነሳው በማግስቱ ነው፤ የሚነሳውም የፍተሻው ደንብ አስቀድሞ ተጽፎ፣ ሠራተኛው ሲቀጠር በሚገባው ቋንቋ ተነግሮት፣ አማራጮቹም ቀርበውለት ከሆነ ብቻ ነው። እምቢታው ብቻውን የስርቆት ማስረጃ ተደርጎ መቅረብ የለበትም። በዚህ ሰበብ ከሥራ የተባረረ ሠራተኛ ወደ ሥራዬ ልመለስ ብሎ ክስ የሚያቀርበው ከተሰናበተበት ቀን ጀምሮ በ3 ወር ውስጥ ነው፤ ሽማግሌ ልኮ መልስ ሲጠብቅ ይህ ጊዜ እንዳያልፍበት የተፈረመበትን የመዝገብ ቅጂ ይዞ ቶሎ ይሂድ።

በጥበቃና በፍተሻ ሥራ ላይ የተሰማራን ባለሙያዎች
አዲስ አበባ