የዉድዋርድ ምሽቶች

ይድረስ ለውድ ወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጉልበቴ ደረጃ አላስወጣ ከማለቱ በቀር ደህና ነኝ። ለመጨረሻ ጊዜ በስልክ የተነጋገርነው የባለቤትህ ዐርባ በወጣ ሰሞን ነበር፤ እነሆ ዘጠኝ ዓመት አለፈው። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ጽፈህልኝ ነበር፤ ሁለቱም ደብዳቤዎችህ መሳቢያዬ ውስጥ አሉ፤ መልስ ግን አልሰጠሁህም። ምክንያት ልደረድርልህ አልፈልግም፤ ይቅር በለኝ።

ዛሬ ብዕር ያስነሣኝ ባለፈው ነሐሴ ያየሁት መኪና ነው። አንተ አገር ቤት ከገባህ ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ በ1995 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፍልህ)፣ ከዲትሮይት በስተሰሜን ያለችው የፈርንዴል ከተማ ሰዎች ለልጆች የእግር ኳስ ሜዳ ማሠሪያ ገንዘብ ለማሰባሰብ ሲሉ፣ በወጣትነታቸው ከዲትሮይት ወደ ሰሜን በሚወጣው በዉድዋርድ ጎዳና ላይ ያደርጉት የነበረውን የመኪና ዙረት ለአንድ ቀን መልሰው አሰናዱት። ይመጣል ብለው የጠበቁት ሕዝብ ከ30 እስከ 40 ሺህ ነበር፤ የመጣው ግን 250 ሺህ ሆነ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ በነሐሴ አጋማሽ ይደረጋል፤ አሮጌዎቹ መኪናዎች ከፈርንዴል እስከ ፖንቲያክ ከተማ ሲመላለሱ፣ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ተጣጣፊ ወንበሩን ዘርግቶ በመንገዱ ዳር ያያል። እኔም ከልጅ ልጄ ጋር ተቀምጬ ሳለሁ አንዲት የ1955 ሼቭሮሌ ቤል ኤር፣ ጣሪያዋ ነጭ፣ አካሏ ሰማያዊ፣ ቀስ ብላ መጣች። ሞተሯን ገና ከሩቅ በድምፁ ዐወቅሁት። በፊታችን ስታልፍ፣ ወንድሜ፣ የኋላ መቀመጫዋ ላይ አንተንና እኔን ፈለግሁ።

የኮሌጅ ተማሪዎች ሳለን፣ ያን የ1962 ሐምሌ ታስታውሰዋለህ? አገር ቤት ዶፍ ዝናብ ሲወርድ፣ እኛ በዲትሮይት ሙቀት እንቅልፍ አጥተን በመስኮት ስንመለከት፣ ያ ባለ ሼቭሮሌው የክፍል ጓደኛችን ከታች ጥሩንባ ይነፋልናል። አንድ ጋሎን ቤንዚን 30 ሳንቲም ገደማ ነበረና ሦስታችን ካለን ላይ አዋጥተን እንቀዳለን፤ ከዚያም ወደ ሰሜን ሽቅብ እንነዳና ዞረን ቁልቁል እንመለሳለን፤ ደግመን እንወጣለን። ክሩዚንግ ማለት ይኸው ነበር። መስኮቱ ሁሉ ክፍት ነው፤ ቀይ መብራት ላይ ስንቆም የጎኑ መኪና ሞተሩን ያስጮኽብናል፤ ጓደኛችንም ሼቭሮሌ በዚያው በ1955 ያወጣውን ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር ያስጮኽበታል፤ አረንጓዴው ሲበራ ግን እናቱን ይፈራ ስለ ነበር አይሽቀዳደምም። አንተ ሁልጊዜ በግራ መስኮት፣ እኔ በቀኝ እንቀመጣለን። ሬዲዮው ሲከፈት ወዲያው አይናገርም፤ ውስጡ ያሉት የመስታወት ቱቦዎች እስኪሞቁ ይቆያልና፣ ያቺን ጥቂት ጊዜ ሦስታችንም ዝም ብለን እንጠብቃለን። ዛሬ አዝራር ሲነኩት ወዲያው በሚጮኸው መኪናዬ ውስጥ ያን ጥበቃ የምመኝበት ቀን ብዙ ነው።

ሙዚቃውን ከእኔ ይልቅ የምታውቀው አንተ ነበርህ። እኔ አዲስ አበባ ሳድግ ሮክ ኤንድ ሮልን በወሬ ነበር የምሰማው፤ አንተ ግን አሥመራ አድገህ፣ በቃኘው ጣቢያ የነበሩት የአሜሪካ ወታደሮች የሚያሰሙትን ሬዲዮ ከጎረቤት ቤት ስታዳምጥ ስለ ኖርህ፣ ጓደኛችን ገና ዜማው ሲጀምር አንተ የዘፋኙን ስም ትጠራለህ። አንድ ምሽት በሃይላንድ ፓርክ ከተማ ስናልፍ፣ ጓደኛችን ከመንገዱ ዳር ያለውን የፎርድን አሮጌ ፋብሪካ እያሳየን፣ «የሮክ ኤንድ ሮሉ ዘፋኝ ቢል ሄሊ የተወለደው እዚህ ሰፈር ነው» ሲለን መኪናውን አስቁመህ ወርደህ ነበር። የምታየው ነገር አልነበረም፤ ጨለማና የጡብ ግንብ ብቻ ነው። አንተ ግን አሥመራ በልጅነትህ የሰማኸው ሰው ከዚህ መሬት መገኘቱ ገርሞህ ቆመህ ቀረህ። እኔ ደግሞ የምሕንድስና ተማሪ ነበርሁና ግንቡን እያየሁ፣ ተንቀሳቃሹ የመገጣጠሚያ መስመር በ1913 እዚያ ሲጀመር፣ የአንድን መኪና ሻሲ መገጣጠም ከ12 ሰዓት ተኩል ወደ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ መውረዱን አስብ ነበር። ሁለታችንም በአንድ ግንብ ፊት ቆመን የየራሳችንን አየን።

ያን ጊዜ ያስረዳኸኝ ዛሬም በራሴ ውስጥ አለ። «ሮኬት 88» የተባለውን ዘፈን በ1951 ሜምፊስ ላይ የቀረጹት ጥቁሮች መሆናቸውን፣ የሚያሞግሰውም እዚሁ ሚሺጋን፣ ላንሲንግ ይሠራ የነበረውን ኦልድስሞቢል የተባለ መኪና መሆኑን የነገርኸኝ አንተ ነህ። የጊታሩ ማጉያ ተበላሽቶ ወረቀት ጠቅጥቀውበት ያ የሚያጓራ ድምፅ እንደ ወጣ ስታወራ ዐይንህ ያበራ ነበር። ዘፋኙ ቸክ ቤሪም በ1955 ባወጣው «ሜቤሊን» ፎርድ ካዲላክን ሲያሳድድ ማሳየቱ ያለ ነገር አልነበረም፤ ሰውየው ሴንት ሉዊስ ውስጥ በመኪና ፋብሪካ ሠርቷልና ሞተር ሲናገር ያውቃል። ከዉድዋርድ ብዙም በማይርቀው በዌስት ግራንድ ጎዳና ቁጥር 2648፣ ቤሪ ጎርዲ የሚባል ሌላ የፋብሪካ ሠራተኛ የነበረ ሰው፣ የሚቀርጸውን ሙዚቃ በመኪና ሬዲዮ ልክ በሆነች ትንሽ ድምፅ ማጉያ እየሞከረ ያወጣ እንደ ነበር ግን የሰማሁት አንተ ከሄድህ በኋላ ነው። ብታውቀው ኖሮ ደስ ይልህ ነበር፤ ዘፈኖቹ ለእኛ የኋላ መቀመጫ ተብለው ተመጥነው ነበር ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ለልጅ ልጄ ስተርክለት፣ ጥያቄ የማያልቅበት ልጅ ነውና፣ «ምን ትበሉ ነበር?» አለኝ። ስለ ድራይቭ ኢኖቹ ነገርሁት፦ መኪናህን አቁመህ መብራት ታበራለህ፣ አስተናጋጇ መጥታ ትታዘዛለች፣ ሳህኑን በመስኮትህ ላይ አንጠልጥላ ትሄዳለች። «አንተና ጓደኛህ ምን አዘዛችሁ?» ሲለኝ ግን ቃል ጠፋብኝ። ስድሳ ዓመት በሙሉ ይህን ታሪክ ለልጆቼ፣ ለሥራ ባልደረቦቼ፣ ቤተ ክርስቲያን ላገኘሁት ሁሉ ስተርክ አንድ ምሽት እየዘለልሁ ኖሬአለሁ።

የዲትሮይት ሰሜናዊ ወሰን ከሆነው ከኤይት ማይል መንገድ በስተሰሜን ርቀን የሄድንበት ምሽት ነበር። የቤቱን ስም አልጽፈውም። ጓደኛችን መብራቱን አበራ፤ ማንም አልመጣም። ደግሞ አበራ። ከእኛ በኋላ የመጡት ሁለት መኪናዎች ተስተናግደው ሲበሉ እናያለን። ሦስተኛ ሲያበራ አስተናጋጇ ወደ ውስጥ አየች፤ ከእርሱ አልፋ እኛን ከኋላ አየችና ተመለሰች። አንተ በአማርኛ፣ ድምፅህን ሳታነሣ፣ «አያመጡልንም» አልኸኝ። እኔም «ሥራ በዝቶባቸው ነው» አልሁህ። አውቄ ነበር፤ ወንድሜ፣ አንተ እንዳወቅኸው እኩል አውቄ ነበር። እንግድነታችን፣ የጓደኛችን ማፈር፣ የዚያ ምሽት መበላሸት አስፈርቶኝ፣ የሰዎቹን በደል በአንተ ፊት እኔ ራሴ ሸፈንሁላቸው። ጓደኛችን ምንም ሳይናገር ሞተሩን አስነሥቶ ወጣ። እስከ ኮሌጁ ድረስ አንድም ቃል አልተናገርህም። ከዚያ ምሽት በኋላ ጥሩንባው ሲነፋ «ጥናት አለብኝ» ትል ነበር፤ እኔም ብቻዬን እወርድ ነበር፤ አንድ ቀን እንኳ «ምን ሆንህ?» ብዬ አልጠየቅሁህም።

ለልጅ ልጄ ባለፈው ሳምንት ነገርሁት። ቤተሰብ ተሰብስቦ ቡና ሲጠጣ እንደ ገና ዉድዋርድን አንሥቶ አስጀመረኝና በዚህ ጊዜ ያን ምሽት አልዘለልሁትም። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያለውን ሁሉ ስነግር ልጄ ስኒውን ይዛ ቀረች፤ ከእኔ ሰምታው አታውቅምና። ያን ጊዜ ነው ይህ ነገር መጀመሪያ ሊነገር የሚገባው ለአንተ እንደ ነበረ የገባኝ። ደብዳቤዎችህን መመለስ ያቃተኝም፣ ብዕር ባነሣሁ ቁጥር ስለ ሼቭሮሌዋ መጻፍ ስለምፈልግ፣ ስለ እርሷ ስጽፍ ደግሞ እዚያ ምሽት ላይ ስለምደርስ ይመስለኛል።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። ስንጠብቅ ሳለን ከጎናችን ያለው መኪና ሬዲዮ ክፍት ነበር፤ በእኔ ትዝታ የሚዘፍነው ቸክ ቤሪ ነው። ይሁን እንጂ ትዝታዬን በዚህ ነገር አላምነውም፤ ምናልባት ዓመታት በገፉ ቁጥር እኔው አምጥቼ ጨምሬው ይሆናል። አንተ ዘፈንን አትረሳምና፣ ያኔ ምን ይዘፈን እንደ ነበር ጻፍልኝ፤ መጻፍ ቢከብድህም ደውልልኝ፤ ስልኬ ያው የድሮው ነው። በእናንተ ሰዓት ማታ ብትደውል ነቅቼ አገኝሃለሁ።

ልጆችህን ሳምልኝ።

የማይረሳህ ወንድምህ