ጠበቃን ዳኛ ልታደርጉት ከሆነ መዝገብ ስጡትና ፈትኑት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ልምድ ያላቸው ጠበቆች ተፈትነውና ተወዳድረው ዳኛ ይሁኑ የሚለው ሐሳብ እዚህ ድሬዳዋ ፍርድ ቤት አካባቢ ባሉ ሻይ ቤቶች መነጋገሪያ ነው። ግማሹ "አቦ ተዉን፣ ማን ቢሮውን ዘግቶ ይሄዳል?" ይላል። ሌላው ደግሞ ፈተና የሚባለውን ሲሰማ ገና ይቆጣል፤ ይህን ሁሉ ዓመት ችሎት ቆሜ አሁን እንደ ተማሪ እርሳስ ልቅረጽ ወይ ነው ነገሩ። እኔም በጥብቅና የምተዳደር ሰው ነኝ። ሐሳቡን እደግፋለሁ፤ ፈተናውንም እደግፋለሁ። የሚያሳስበኝ የፈተናው ዓይነት ነው።

በኛ አገር መንገዱ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚሄደው። ወጣቱ ከዩኒቨርሲቲ ይመረቃል፣ ትንሽ ይሠለጥናል፣ ረዳት ዳኛ ወይም ዳኛ ይሆናል። ጥቂት ዓመት ሠርቶ ነገር መለየት ሲጀምር ይለቅና የጥብቅና ፈቃድ አውጥቶ ቢሮ ይከፍታል። አልፈርድበትም፤ የቤት ኪራይ አለ፣ የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ አለ። ግን ፍርድ ቤቱ የመንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛ ሆኖ ቀረ፤ ተማሪው በእሱ መኪና እየገጨ ይማርና ሲበቃው የራሱን ባጃጅ ይዞ ይወጣል። በተቃራኒው ረጅም ዓመት ጥብቅና ሠርቶ ወደ ዳኝነት ወንበር የሚመጣው ሰው ግን ጥቂት ነው።

ሌላ ቦታ እንዲህ አይደለም። ሕንዶች ይህን ሕገ መንግሥታቸው ውስጥ ነው ያስገቡት፤ አንቀጽ 233 ላይ ቢያንስ 7 ዓመት የሠራ ጠበቃ የወረዳ ዳኛ ሆኖ ሊሾም ይችላል ይላል። የእነሱ ወረዳ ደግሞ እንደኛ ትንሽ አይምሰላችሁ፣ ትልቅ ሥልጣን ያለው ፍርድ ቤት ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው እ.ኤ.አ. በ2002 በሰጠው ውሳኔ ከእነዚህ ቦታዎች አንድ አራተኛው ከጠበቆች መካከል በፈተና እንዲሞላ አደረገ። በ2025 ደግሞ ለጀማሪ ዳኝነት ለመወዳደር እንኳ 3 ዓመት ጥብቅና መሥራት ግዴታ ነው ብሎ ወሰነ።

ጠበቃው ምን ይዞ ይመጣል የሚል ካለ አንድ ቀን እኛ ችሎት ገብቶ ይቀመጥ። የችሎቱ ቋንቋ አማርኛ ነው። ከሳሹ ኦሮምኛ ተናጋሪ፣ ተከሳሹ ሶማልኛ፣ አንዱ ምስክር ሐረሪ ሊሆን ይችላል። ቬንትሌተሩ ይንጫጫል፣ ሙቀቱ ለብቻው ነው። ምስክሩ ተነሥቶ አጥሩ ድሮ የት ጋ እንደነበር፣ ማን እንዳፈረሰው፣ ማን ገፍቶ እንዳጠረው እጁን እያወራጨ ያስረዳል፤ መሬቱ ላይ በጫማው ጫፍ መስመር ሁሉ ያሰምራል። ያወራል፣ ያወራል። ሲጨርስ አስተርጓሚው ዞር ይልና "አላውቅም ነው የሚለው፣ ክቡር ፍርድ ቤት" ይላል። ቋንቋውን ባታውቀው እንኳ "አላውቅም" ለማለት ያን ያህል ጊዜ እንደማይፈጅ ችሎት የለመደ ሰው ይገባዋል። ያስቆመዋል፤ "ያለውን ሁሉ ከመጀመሪያው፣ ዐረፍተ ነገር በዐረፍተ ነገር ንገረኝ" ይለዋል። ጀማሪው ግን ብዙ ጊዜ "አላውቅም ብሏል" ብሎ ያስመዘግብና ቀጣዩን ምስክር ይጠራል። ይግባኝ ሰሚው በአብዛኛው የሚያየው የተመዘገበውን ነው። ያቺ አንዲት መስመር ሰውዬውን ግቢውን ልታሳጣው ትችላለች።

ሌላው የቀጠሮ ነገር ነው። ጠበቃው ታሟል፤ ጠበቃው አዲስ አበባ ሰበር ችሎት (የሕግ ስሕተት በመጨረሻ የሚታረምበት ችሎት) ቀጠሮ አለው፤ ሰነዱ ገና አሁን ተገኘ። የትኛው እውነት እንደሆነ የትኛው ጊዜ መግዣ እንደሆነ የሙያው ልጅ ከድምፁ ይለየዋል። ድሬዳዋ ላይ ደግሞ የከተማው ፍርድ ቤቶችና የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ጎን ለጎን ስለሚሠሩ "ይህ ፍርድ ቤት ጉዳዩን የማየት ሥልጣን የለውም" የሚል መቃወሚያ የማይነሣበት ሳምንት የለም። አንዳንዱ የእውነት ነው። አንዳንዱ ግን ባለጉዳዩን ለማሰልቸት የሚቀርብ ነው፤ ያንን ሲጽፍ የኖረ ሰው ወንበሩ ላይ ቢቀመጥ እዚያው በአንድ ብይን ይዘጋዋል። ወጣቶቹ ዳኞች ይውጡ እያልኩ አይደለም፤ መዝገቡን ወደ ቤታቸው ወስደው ሌሊት የሚያነቡ አውቃለሁ። አጠገባቸው የበሰለ ሰው ቢኖር ግን እነሱም በቶሎ ይበስላሉ።

አሁን ወደ ፈተናው። የምፈራው "የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር ይሄን ያህል ስለ ምን ይደነግጋል? ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ" የሚለውን ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ 3367 ቁጥሮች አሉት። በቃሉ የያዛቸው ጠበቃ እስካሁን አልገጠመኝም፤ ሥራችንም መጽሐፉን ከፍቶ ትክክለኛውን ቁጥር ማግኘት ነው። እንዲህ ዓይነት ፈተና ካወጣችሁ ባለፈው ሐምሌ የተመረቀው ልጅ አንደኛ ይወጣል፣ ለሃያ ዓመት የተከራከረው ይወድቃል። ከዚያ "አያችሁ፣ ጠበቆቹ አይችሉም" ይባላል።

መዝገብ ስጡት። የምር መዝገብ፤ ተከራክሮበት የተዘጋ፣ የሰዎቹ ስም የተሰረዘ። ክሱ፣ መልሱ፣ የምስክሮቹ ቃል፣ ከመሐል የማይነበብ ፎቶ ኮፒ ጭምር። የሕግ መጻሕፍቱና የሰበር ውሳኔዎቹ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጡለት፤ በ1997 ከወጣው አዋጅ ቁጥር 454 ወዲህ ከአምስት ባላነሱ ዳኞች የተሰጠ የሰበር የሕግ ትርጉም የበታች ፍርድ ቤቶችን ስለሚያስገድድ ዳኛ የሚሆን ሰው ፈልጎ ማግኘት፣ ካገኘው በኋላም "ይሄ ለዚህ ጉዳይ ይሆናል፣ ያኛው አይሆንም" ማለት አለበት። ከዚያ ጭብጥ ይያዝ። እዚህ ላይ ነው ሰው የሚለየው። ብዙ መዝገብ ዓመታት የሚፈጀው ምን ሊጣራ እንደሆነ በመጀመሪያው ቀን በወጉ ስላልተያዘ ነው፤ ጭብጡ "ከሳሽ የጠየቁት ይገባቸዋል ወይስ አይገባቸውም" ተብሎ ይያዝና ምስክር በሙሉ ስለ ሁሉም ነገር ሲጠየቅ ይከርማል። ቀጥሎ ፍርድ ይጻፍ፤ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓቱ ቁጥር 182 እንደሚለው ጭብጡን፣ ውሳኔውንና ምክንያቱን የያዘ ፍርድ። ተሸናፊው አንብቦ ለምን እንደተሸነፈ የሚገባው ከሆነ ፈታኙ ማርኩን አይንፈገው። ወረቀቱ በኮድ ይታረም፤ እዚህ አገር የእጅ ጽሑፍ እንኳ የሚታወቅባቸው ጠበቆች ስላሉ በኮምፒውተር ቢጻፍ ይሻላል።

የቃል ፈተናም ይኑር፤ ግን "ስለ ፍትሕ ምን ይሰማሃል?" ዓይነቱ ይቅር። ወንበሩ ላይ አስቀምጡትና ከፊቱ ሁለት ነገረኛ ጠበቆች አቁሙ። አንዱ ያቋርጠው፣ ሌላው ይቆጣ። ደንበኛ ፊት ተቆጥቶ የለመደ ጠበቃ ዳኛ ሲሆን ዝም ብሎ መስማት ይችል እንደሆነ የሚታየው እዚያ ነው፤ ስንቶቻችን እንደምናልፍ እንጃ! ኬንያዎች ለጠቅላይ ፍርድ ቤት የሚወዳደሩትን ሰዎች ቃለ መጠይቅ በቴሌቪዥን ያሳያሉ። እኛ እዚያ ባንደርስ እንኳ በሩ ክፍት ይሁን፣ የፈለገ ገብቶ ይስማ።

"ልምድ" የሚባለውም በፈቃድ ዓመት ብቻ አይቆጠር። የ15 ዓመት ፈቃድ ይዞ የሽያጭ ውልና ውክልና ሲያዘጋጅ የኖረ አለ፤ ክቡር ሥራ ነው፣ ግን ችሎት አያውቅም። ተወዳዳሪው ራሱ የጻፋቸውን ክሶችና ይግባኞች የደንበኞቹን ስም ሸፍኖ ያቅርብ። ስለ ዕጩዎች ሕዝብ አስተያየት ይስጥ ሲባልም ጥሩ ነው፣ ግን ትንሽ ከተማ ውስጥ አስተያየት ቂም መወጫ ሊሆን ይችላል። በእሱ የተረታ ሁሉ ሌባ ነው ብሎ ይጽፋል። ስለዚህ አስተያየት ሰጪው ስሙን ይጻፍ፣ የሚያወራው ስለ ችሎት ከሆነም የመዝገብ ቁጥሩን ይጥቀስ።

ትልቁን ችግር አልደብቅም። ድሬ ሁሉም የሚተዋወቅባት ከተማ ናት። ከዚራ ያለው ነጋዴ ደንበኛዬ ነበር፣ ሳቢያን ያለው ተከሳሽ የደንበኛዬ አማች ነው፣ ከሁለቱም ጋር ሠርግና ለቅሶ ላይ እንገናኛለን። ሕጉ ዳኛው ቀድሞ በጉዳዩ ላይ ጠበቃ ሆኖ ከነበረ ከችሎት ይነሣ ይላል። የበርጫ ጓደኝነትን ግን በስሙ ጠርቶ የሚከለክል አዋጅ የለም። መፍትሔው ቀላል ይመስለኛል። የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት አዲስ አበባም ድሬዳዋም ስለሚያስችል ከድሬ ያለፈው ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት አዲስ አበባ ይመደብ፣ የአዲስ አበባው ወይም የሐረሩ እዚህ ይምጣ። ሐረር ደንገጎን ወጥተህ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሰውዬው ቤተሰቡን ሳይበትን መሥራት ይችላል።

ደመወዙና ጥቅማ ጥቅሙ ማስታወቂያው ላይ በቁጥር ይጻፍ። "በስኬሉ መሠረት" የሚል ማስታወቂያ አይተን ቢሮ አንዘጋም።

ሌላም አለ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 81 መሠረት የፌዴራል ዳኞችን የዳኞች አስተዳደር ጉባኤ ይመርጣል፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ያቀርባል፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይሾማል። ፈተናው ይህን አይቀይረውም። ስለዚህ ውጤቱ በኮድና በደረጃ ይለጠፍ፤ ሹመቱ ከጸደቀ በኋላ ደግሞ የተሾሙት ሰዎች ኮድ ከነስማቸው ይገለጽ። ሦስተኛ የወጣው ቀርቶ አሥራ አራተኛው ከተሾመ ጉባኤው ምክንያቱን በጽሑፍ ይናገር። ምናልባት በቂ ምክንያት ይኖረዋል። ሳይነገረን ሲቀር ግን ሻይ ቤቱ የራሱን ምክንያት ይፈጥራል፣ የሚፈጥረውም ደግ አይሆንም።

በመጨረሻ ፈተናው ድሬዳዋ ላይም ይሰጥ። ማስታወቂያው በፌስቡክና በአዲስ አበባ ሰሌዳዎች ብቻ አይቅር፤ እዚህና ሐረር ፍርድ ቤቶች በር ላይም ይለጠፍ፣ ምዝገባውም ቢያንስ አንድ ወር ክፍት ይሁን፤ ቀጠሮ የተደራረበበት ጠበቃ ወረቀቱን ያየው በመዝጊያው ቀን ማታ እንዳይሆን።

አንድ ጠበቃ
ከድሬዳዋ