ኢላማውን የሳተው ብይ የት ያርፋል?

ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

ስለ ወንጭፍ የሚሰጠው ምክር ብዙ ጊዜ «ተጠንቀቅ» ከሚለው ቃል አያልፍም። ወላጅ ወይ ከልጁ እጅ ነጥቆ ይሰብረዋል፣ ወይ እንደ ማንኛውም መጫወቻ ቆጥሮ ዝም ይላል፤ ለመዝናኛ የሚወነጭፈው አዋቂም ቢሆን ሐሳቡን ሁሉ የሚጥለው ኢላማውን በመምታቱ ላይ ነው። በእኔ አመለካከት ሁሉም ዋናውን ጥያቄ ዘለውታል። እጀ ቀና የሆነ ሰውም አንዳንድ ጊዜ መሳቱ ስለማይቀር፣ አደጋ መድረስ አለመድረሱን ከወንጫፊው ችሎታ ይልቅ የሚወስነው ኢላማውን የሳተው ወይም በስቶት ያለፈው ብይ የሚያርፍበት ቦታ ነው።

ይህን የምለው ሰዎች የወንጭፍን ጉልበት አቃለው እንደሚያዩት ስለማስተውል ነው። ዳዊት ጎልያድን የጣለበት ወንጭፍ በገመድ ተሽከርክሮ የሚለቀቅ ነበር፤ እኔ የምጽፍበት ባለ ባላው ወንጭፍ ግን ቻርልስ ጉድይር ጎማን በሰልፈርና በሙቀት የማጠንከሩን ዘዴ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1844 በአሜሪካ በፈጠራ መብት ካስመዘገበ ወዲህ የተስፋፋ መሣሪያ ነው። ዛሬ በተፈጥሮ ላቴክስ ጠፍጣፋ ላስቲክ የሚሠራ ተራ ወንጭፍ፣ 9.5 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 3.5 ግራም ያህል ክብደት ያለውን የብረት ብይ በሰከንድ 60 ሜትር በሚያህል ፍጥነት ሊያስወነጭፍ ይችላል፤ ይህም በጉልበት መለኪያው በጁል ሲሰላ ከ6 ጁል በላይ ነው። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት በቆየው ኢኤን 166 በተባለው የአውሮፓ የዓይን መከላከያ መለኪያ መሠረት የተለመደው የመከላከያ መነጽር ሲፈተን የቆየው፣ ክብደቷ አንድ ግራም በማይሞላና በሰከንድ 45 ሜትር በምትጓዝ የብረት ብይ ሲሆን የእርሷ ጉልበት 1 ጁል እንኳ አይደርስም። ስለዚህ መነጽር ማድረግ ግዴታ ቢሆንም፣ ፍንጣሪን ይመክታል እንጂ በቀጥታ የተላከን ብይ ያቆማል ተብሎ ሊታመንበት አይገባም። ወደ ላይ የተለቀቀ ብይ ደግሞ ከ100 ሜትር በላይ ርቆ ሊወድቅ ይችላል፤ እዚያ ማን እንዳለ ወንጫፊው አያይም። በዛፍ ላይ ወዳለ ነገር ማነጣጠርን የምቃወመው ለወፎቹ አዝኜ ብቻ አይደለም።

መፍትሔው ርካሽና ቀላል ነው፤ ይኸውም ከኢላማው በስተኋላ ወፍራም ጨርቅ ወይም አሮጌ ብርድ ልብስ ከላይ ብቻ ታስሮ፣ ከታች ልቅ ሆኖ እንዲንጠለጠል ማድረግ ነው። ልቅ መሆኑ ዋና ነገር ነው። ብዩ ጨርቁን ሲመታ ጉልበቱን ጨርቁን በመግፋት ይጨርስና ከሥሩ ጠብ ይላል፤ ጨርቁ ከአራቱም ማዕዘን ተወጥሮ ከተቸነከረ ግን ወይ ይበሳል ወይ ብዩን መልሶ ያነጥረዋል። ከፊት ክፍት በሆነ ሰፊ ሣጥን ውስጥ ሁለት ድርብ ጨርቅ ሰቅሎ ኢላማውን ከፊቱ ማንጠልጠል ደግሞ ብዩን አጥምዶ ስለሚያስቀር ለቀማውንም ያቀላል። ጨርቁ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ስለሚመታ እያደር መሳሳቱ አይቀርም፤ በየጊዜው ወደ ብርሃን አንሥቶ ማየትና ማዘዋወር ያስፈልጋል። ግድግዳ፣ ድንጋይ፣ የቆመ ግንድና የተቸነከረ ቆርቆሮ ግን መመከቻ ሊሆኑ አይችሉም፤ ሁሉም ብዩን ወደ ወንጫፊው ወይም አጠገቡ ወደቆመው ሰው ሊመልሱት ይችላሉ። ውኃም ቢሆን በዝቅተኛ ማዕዘን የመጣን ብይ እያነጠረ ያሳልፈዋል። ጀማሪ ከ10 ሜትር ይልቅ ከ5 ሜትር ቢጀምር የሚስተው ብይ ከጨርቁ ውጭ የመውጣት ዕድሉ ይቀንሳል፤ ከጨርቁ ጀርባም ሰው የማይተላለፍበት ቦታ ወይም የአፈር ቁልቁለት ቢኖር ይመረጣል።

ስለሚወነጨፈው ነገር ብዙ የምለው የለኝም። ከመሬት የተለቀመ ጠጠር ቅርጹ ስለሚዛባ አቅጣጫውን ይስታል፤ የብርጭቆ ብይ ጠንካራ ነገር ሲነካ ይሰባበራል፤ ከእርሳስ ብረት የተሠራ ብይ መርዛማ ነው። በሜዳ ላይ ከሆነ የደረቀ የሸክላ ብይ ሲመታ ስለሚፈረካከስ ከብረት ይሻላል።

ላስቲኩ ግን ችላ የሚባል አይደለም። ላቴክስ በፀሐይ፣ በሙቀትና በዘይት ይጎዳል፤ ስንጥቁም ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከባላው ወይም ብዩን ከሚይዘው ቆዳ ጋር በታሰረበት ቦታ ነው። በተለይ በባላው በኩል የተበጠሰ ላስቲክ ተመልሶ የሚመጣው ወደ ወንጫፊው ፊት ስለሆነ፣ መነጽሩ ከምንም በላይ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ከመጀመሩ በፊት ላስቲኩን በዝግታ ሳብ አድርጎ ጠርዙን መመርመር፣ ጭረት ከታየበት ደግሞ ቋጥሮ ከመቀጠል ይልቅ መጣል ይገባል። የላስቲኩን ርዝመት ከአምስት እጥፍ በላይ መወጠር ዕድሜውን ያሳጥራል እንጂ የሚጨምረው ጥቅም እምብዛም ነው። ብይ ሳይገባበት ባዶውን መልቀቅም ላስቲኩን በእጅ ላይ ያስገርፋል።

ሕጉ ከአገር አገር ይለያያል፤ ለምሳሌ ጀርመን የክንድ መደገፊያ ያለውን ወንጭፍ ትከለክላለች። እኔ ከክልከላ ይልቅ የምመርጠው ሌላ ነገር ነው። ወንጭፍ የሚሸጡ ሰዎች መለዋወጫ ላስቲክና የብረት ብይ አብረው ያቀርባሉ፤ ስለ መመከቻው ግን በማሸጊያው ላይ ብዙ ጊዜ አንድ ቃል አይሰፍርም። ጨርቁንና መስቀያውን ከወንጭፉ ጋር አንድ ዕቃ አድርገው ቢሸጡ፣ ገዥውም ያለ እርሱ ባይገዛ፣ የትኛውም ማስጠንቀቂያ የማይሠራውን ይሠራል ብዬ አምናለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣችሁ አንባቢ