ለኤምባሲያችን የቆንስላ ክፍል፦ እስረኛ ለምን ከሎው (ዝቅተኛ ጥበቃ ካለው እስር ቤት) ወደ ሚዲየም (መካከለኛ ጥበቃ ወዳለው) እንደሚዘዋወር ለቤተሰብ በአማርኛ ይነገር

ይድረስ በዋሽንግተን ዲሲ ለኢትዮጵያ ኤምባሲ የቆንስላ ክፍል

እንደምን ከረማችሁ። የምጽፈው አሜሪካ ፌደራል እስር ቤት ስላሉ ዜጎቻችን ነው፣ የስቴቱና የካውንቲው የየራሱ ህግ ስላለው እሱን ትቼዋለሁ። እዚህ ዲኤምቪ (ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ) አካባቢ እንግሊዝኛ ለሚከብዳቸው ቤተሰቦች ወረቀት አነባለሁ፣ እና በብዛት የምጠየቀው ስለ ፍርዱ ሳይሆን "ልጄን ከነበረበት ለምን አነሱት፣ ምን አጥፍቶ ነው?" የሚለውን ነው። አገር ቤት ያለች እናትማ ይብስባታል፣ ኢንተርኔት ላይ ስሙን አስፈልጋ ኦክላሆማ ሲቲ የሚል ከመጣ ለቅሶ ነው፣ እዛ ያለው ግን እስረኛ ወደ ሌላ ቦታ ሲጓጓዝ የሚያርፍበት መሸጋገሪያ ነው።

ወሬው ደግሞ አያልቅም፣ ሰው ያለው ካምፕ (ጥበቃው ከሁሉም የላላ እስር ቤት) ይገባል፣ ጎበዝ ጠበቃ የያዘ ሎው ይሰጡታል፣ ሀበሻ ስለሆነ ነው ምናምን። ነገሩ ግን ነጥብ ነው፣ ነጥቡ በበዛ ቁጥር ጥበቃው ይጠብቃል። ዳኛው ሀሳብ ከማቅረብ አያልፍም፣ የሚመድበው ቴክሳስ ግራንድ ፕሬሪ ያለው የፌደራል እስር ቤቶች ቢሮ ማዕከል ነው። ለወንድ እስከ 11 ነጥብ ሚኒመም (ካምፕ የሚሉት)፣ ከ12 እስከ 15 ሎው፣ ከ16 እስከ 23 ሚዲየም፣ ከ24 ጀምሮ ሃይ (ከፍተኛ ጥበቃ) ነው። የወንጀሉ ክብደት፣ የድሮ ሪከርድ፣ ጠብ፣ የማምለጥ ሙከራ ይቆጠራል፣ እድሜም አለበት፣ 25 ያልሞላው ልጅ በእድሜው ብቻ 8 ነጥብ ይዞ ይገባል፣ 55 የሞላው ዜሮ። በራሱ ሄዶ እጁን የሰጠ 3 ይቀነስለታል። ከገባ በኋላ 7 ወር ገደማ ላይ ከዛም ቢያንስ በአመት አንዴ እንደገና ይታያል፣ ከፍርዱ ስንት ፐርሰንት ጨረሰ፣ ፕሮግራም ወሰደ ወይ፣ የዲሲፕሊን ሪፖርት አለበት ወይ፣ ከቤተሰቡ ጋር ያለው ግንኙነት ራሱ ነጥብ አለው። ስለዚህ ወደ ላይ ሲወጣም ወደ ታች ሲወርድም ብዙ ጊዜ ይሄ ሂሳብ ነው። ሁሌም አይደለም ግን፣ ለህክምና፣ ለቦታ ጥበት፣ ከማይስማማው እስረኛ ለመለየትም ያነሱታል፣ በ2024 ካሊፎርኒያ ደብሊን ያለው የሴቶች እስር ቤት ሲዘጋ ሴቶቹ የተበተኑት ነጥባቸው ተቀይሮ አይደለም።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። የአሜሪካ ዜጋ ያልሆነ እስረኛ ላይ ዲፖርት ሊደረግ (ከአገር ሊባረር) ይችላል የሚል ምልክት ይደረግበታል፣ ግሪን ካርድ ያለውም ጭምር። ይሄ ምልክት ካለ ነጥቡ 5 ብትሆን እንኳን ከሎው አይወርድም፣ ካምፕ የለም። ኢሚግሬሽን አይባረርም ብሎ ከወሰነ ይነሳል፣ ያለዛ ልጁ ምንም ጨዋ ቢሆን አብሮት ያለው አሜሪካዊ ካምፕ ሲሄድ እሱ እዛው ነው፣ ቤተሰብ ደግሞ አንድ ነገር ደብቆናል ብሎ ይጠረጥረዋል። እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው፣ ላላጠፋው ጥፋት ከገዛ ወላጁ ጋር መቀያየም።

ሌላም አለ። ሃይስኩል መጨረሱ ያልተረጋገጠ፣ ጂኢዲም (የሃይስኩል ዲፕሎማን የሚተካውን ፈተና) የማይማር ሰው 2 ነጥብ ይጨመርበታል። የእኛ ልጅ 12ኛ ክፍል አገር ቤት ጨርሶ ይሆናል፣ ሰርተፍኬቱ ጎንደር ወይ ደሴ አክስቱ ቤት ሳጥን ውስጥ ነው ያለው። 16 ነጥብ ሚዲየም ነው፣ 14 ሎው ነው፣ በሁለቱ መካከል ያለው ኑሮ ደግሞ በጣም ይለያያል። ሰነድ ማረጋገጥ የእናንተ ስራ ነው፣ ለእስረኛ የሚሆነውን ወረፋ ሳይጠብቅ በፍጥነት ብትጨርሱላቸው፣ ቢሮው ይቀበለዋል አይቀበለውም የሚለውን እዛ ከኬዝ ማናጀሩ (የእስረኛውን ጉዳይ ከሚከታተለው የእስር ቤት ሰራተኛ) ጋር ይጨርሱት።

መጎብኘትም ትችላላችሁ። የእስር ቤቶቹ ደንብ የውጭ ዜጋ እስረኛን የአገሩ ቆንስላ ለስራ ጉዳይ ሊጎበኘው ሲመጣ ዋርደኑ (የእስር ቤቱ ኃላፊ) እንዲፈቅድ ያዛል፣ እስረኛው ቅጣት ላይ ቢሆን እንኳን አይከለከልም። ቤተሰብ እንደዚህ አይነት በር የለውም፣ በ2018 የወጣው ፈርስት ስቴፕ አክት የሚባለው የፌደራል ህግ እስረኛው የሚመደበው ከቤቱ በመኪና 500 ማይል ውስጥ ይሁን ቢልም "በተቻለ መጠን" ነው የሚለው፣ ምደባውን ደግሞ ፍርድ ቤት አያየውም።

የምጠይቃችሁ ብዙ አይደለም፣ ይሄን ህግ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ አንድ ገጽ አድርጋችሁ ድረገጻችሁ ላይ አውጡት፣ የእስረኛ ቤተሰብ ሲደውል የሚያናግረው አንድ ሰው መድቡ፣ በአመት አንዴም ቢሆን ሄዳችሁ እዩዋቸው። ትርጉሙን እኔና ጓደኞቼ በነጻ እንሰራለን፣ ኢሜይል አድርጌላችኋለሁ፣ መልሳችሁን እዛው ላይ እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የሲልቨር ስፕሪንግ ነዋሪ