ደብዳቤ ለልጄ፦ ሐሙስ ቀጠሮ አለን

ልጄ፣

ፊት ለፊት ስንቀመጥ አንደበቴ ይተሳሰራል፣ ለዚህ ነው በቴሌግራም የምጽፍልህ። መልስ ባትሰጠኝም ግድ የለም።

መጀመሪያ ይቅርታ። ከክፍልህ አልወጣም ስትል ጉርምስና ነው አልኩ። ራሴን፣ ሆዴን ስትለኝ አንድ ክሊኒክ ወሰድኩህ፣ ታይፎይድ ነው አሉን፤ ሌላው ጋ ጨጓራ ተባልን። ኪኒኑን ጨርሰህም ያው ነህ። በርህ ላይ ያስቀመጥኩልህን እንጀራ ሳይነካ፣ ጠርዙ ደርቆ ሳነሳው ነው ልቤ የደነገጠው። ከአሞራ ገደል ዓሣ ሲመጣ ገና ሳልጠብሰው ማድ ቤት የምትቆም ልጅ እኮ ነህ!

ጎረቤት "አዲስ አበባ አማኑኤል ውሰጂው" ስትለኝ ግን ፈራሁ። አማኑኤል ገባ ከተባለ ሰው ምን እንደሚል ታውቃለህ። በዚያ ፍርሃት ሁለት ወር አለፈ፣ የሚቆጨኝ እሱ ነው። እዚሁ ሀዋሳ፣ ሪፈራል ሆስፒታል፣ የአእምሮ ሕክምና እንዳለ እንኳ ሰው አልጠየቅኩም።

በመጨረሻ ሪፈራል ስንሄድ ሐኪሟ "ብሞት ብለህ አስበህ ታውቃለህ?" ስትልህ ልቆጣት ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ልጅ ይጠየቃል? አንተ የጃኬትህን ዚፕ ከፍ ዝቅ እያደረግክ ቆየህና "አዎ" አልክ። ከዚያ በረጅሙ ተነፈስክ። በኋላ ለብቻዬ ስታስረዳኝ፣ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣውም፣ ልጁ ለብቻው ተሸክሞት የነበረውን ነው የሚያወጣው አለችኝ። ስለዚህ ከአሁን በኋላ እኔም እጠይቅሃለሁ። አንተም ሲከፋብህ ሌሊት 9 ሰዓት ቢሆንም ቀስቅሰኝ።

ለድባቴህ ያዘዘችልህን መድኃኒት የቆለፍኩበት ሳላምንህ ቀርቼ አይደለም፣ እሷ ናት እንዲህ አድርጊ ያለችኝ። ምንም አልለወጠኝም ያልከው ገና በሁለተኛው ሳምንት ነው፤ ድባቴ ላይ ለውጡ እስኪታይ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ሊወስድ ይችላል፣ በራስህ ጊዜ ማቋረጥም የለም። ጸበሉንም አልተውንም፣ ኪኒንህን ውጠህ ገብርኤል አብረን እንሄዳለን።

ደግሞ አንተ ብቻ እንዳይመስልህ። የዓለም ጤና ድርጅት ከ10 እስከ 19 ዓመት ካሉት ከ7 ልጆች አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር አለበት ይላል። ክፍላችሁ 50 ልጅ ካለ 7 ያህል ማለት ነው።

ሐሙስ አባትህም ከሥራ አስፈቅዶ ይመጣል። እኛ ውጭ አግዳሚው ላይ እንቀመጣለን። አንተ ገብተህ የልብህን ንገራት፣ ስለ እኔም ቢሆን።

እናትህ