በክረምት ወንዝ መግቢያ ላይ መረብ አይዘርጋ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ ጣና በጻፋችሁ ቁጥር እምቦጭ ይነሣል። መነሣቱም ተገቢ ነው። ስንት ሰው ጭቃ ውስጥ ገብቶ አረሙን በእጁ እንደነቀለ በዓይኔ አይቻለሁ። ግን እምቦጭ ከዳር ቆሞ ይታያል፤ ፎቶም ይነሣል። ውሃ ውስጥ የተዘረጋ መረብ አይታይም። እኔ የምጽፍላችሁ ስለዚህ ስለማይታየው ነው።

ባሕር ዳር ውስጥ አነስ ያለች ዓሣ ቤት አለችኝ። ጥብስ፣ ጉላሽ፣ ዱለት እንሠራለን። ዓሣውን የምገዛውም የምበልተውም ራሴ ነኝ፤ ዛሬም ቢላዋውን ለሠራተኛ መስጠት አልወድም። ከሥራዬ ሁሉ ይከብደኝ የነበረው በክረምት የመጣን ነጭ ዓሣ መክፈት ነው። ሐምሌ ገብቶ ጉማራ ወንዝ ደፍርሶ ሲሞላ የሚመጣልን ዓሣ ሆዱ የተወጠረ ነው። የቢላዋው ጫፍ ገና ሲገባ እንቁላሉ ተገፍቶ ይወጣል። ሁለት ረጃጅም ከረጢት ነው፣ ሆድ ዕቃውን ሁሉ ገፍቶ ዳር አስይዞታል። ቢጫ፣ ደቃቅ፣ በሺዎች የሚቆጠር ፍሬ። ከአንጀቱ ጋር ባልዲ ውስጥ እንጨምረው ነበር። ባልዲው ሲሞላ ይደፋል። ሌላ ባልዲ ይመጣል።

በባልዲው ውስጥ ምን እየደፋን እንደሆነ ብዙ ሰው የሚያውቅ አይመስለኝም። ነጭ ዓሣ የምንለው አንድ ዓይነት ዓሣ አይደለም። ተመራማሪዎች ላቤኦባርበስ ይሉታል። ከዚህ ወገን 15 ዝርያዎች ከጣና በቀር በዓለም ላይ የትም የሉም። ምክንያቱ ጢስ ዓባይ ነው። ፏፏቴው 40 ሜትር ያህል ስለሚወርድ ከታች ያለ ዓሣ ሽቅብ መውጣት አይችልም። የጣና ዓሣ ለብቻው ቀረ፣ ለብቻውም ብዙ ዓይነት ሆነ። ከ15ቱ ስምንቱ ሌላ ዓሣ እያደኑ የሚኖሩ ናቸው። መንጋጋቸው ላይ ጥርስ የላቸውም፤ ጥርሳቸው ጉሮሯቸው ውስጥ ነው። ከውጭ አገር ሰዎች እየመጡ የሚያጠኑት ለዚህ ነው።

ቆሮሶ የሚባለው ሌላው የጣና ዓሣ እዚያው ሐይቁ ዳር ይራባል፤ እናቲቱ እንቁላሏን አፏ ውስጥ ይዛ ትጠብቃለች። ከነጭ ዓሣ ግን ብዙዎቹ ዝርያዎች ለመራባት ወንዝ ይወጣሉ። ዝናቡ ሲበረታ ከሐይቁ ተነሥተው ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭ፣ ድርማ፣ ግልገል ዓባይ ወደሚገቡበት ይተማሉ። መግቢያው ላይ ይሰበሰባሉ። ከዚያ ሽቅብ ሄደው ጠጠር ያለበት፣ ፈጠን ያለና ጥርት ያለ ውሃ ፈልገው እንቁላላቸውን ይጥላሉ። ይህ የሚሆነው ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ነው። ሰፊ ሐይቅ ላይ ተበትኖ የከረመ ዓሣ፣ በዓመት አንድ ጊዜ፣ በጠባብ ቦታ፣ እንቁላሉን ተሸክሞ ይሰበሰባል። መረቡም የሚዘረጋው እዚያው ላይ ነው። ዓሣው ለማደግ ጊዜ ይፈልጋል፤ ለመውለድም ይዘገያል። አንድ ክረምት የጠፋው በሚቀጥለው ክረምት አይተካም።

ጥንት እንዲህ አልነበረም። በሐይቁ ዳር የሚኖሩት የነገደ ወይጦ ሰዎች በደንገል ታንኳ ከዳር ከዳር እየቀዘፉ ያሰግሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1986 በተጀመረ ፕሮጀክት ሞተር ጀልባና ናይሎን መረብ ሐይቁ ላይ ገባ። ሐሳቡ ደግ ነበር፤ ድሃ ዓሣ አስጋሪ ገቢ እንዲያገኝ ነው። ብዙ ቤተሰብም እንጀራ በልቶበታል፣ እኔም ጭምር። ችግሩ የገባውን ጉልበት የሚመጥን ሥርዓት አብሮ አለመምጣቱ ነው። የሆላንዱ ቫኽኒንገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያና መጨረሻ የወጣውን ዓሣ አስተያይተው ነበር። ወንዝ ወጥተው የሚራቡት ዝርያዎች በክብደት ሦስት አራተኛ ያህል ቀንሰው ተገኙ። ጫጩቶቹ ላይ ደግሞ ቅናሹ ከዚህም የባሰ ነበር። ይህ የሆነው በዐሥር ዓመት ውስጥ ነው። ያኔ ደግሞ አሁን ያለው መረብ ገና አልተስፋፋም ነበር።

የአሁኑ መረብ ሞኖፊላመንት የሚባለው፣ ከነጠላ የናይሎን ክር የሚሠራው ነው። ቀጭን ነው፣ ርካሽ ነው፣ ውሃ ውስጥ ጨርሶ አይታይም። በኮንትሮባንድ ይገባል ሲባል እሰማለሁ፤ በየት ይግባ በየት፣ የሚፈልገው ሰው አያጣውም። ርካሽ ስለሆነ ሲቀደድ የሚጠግነው የለም። እዚያው ይተዉታል። ናይሎን ደግሞ አይበሰብስም። ባለቤት የሌለው መረብ ውሃ ውስጥ ተንጠልጥሎ ዓሣ መግደሉን ይቀጥላል፤ የሞተውን የሚያነሣው የለም። አልፎ አልፎ የሚመጣልኝ ዓሣ ስንጥቡ ላይ የተበጠሰ ክር ተጠምጥሞበት አገኛለሁ። ክሩን ጎትቼ ሳወጣው ጣቴን ይቆርጠኛል።

አንድ ሰው ብቻውን ምን ማድረግ ይችላል? እኔ ሞክሬዋለሁ። በክረምት ነጭ ዓሣ መግዛት አቆምኩ። ቆሮሶና አምባዛ ብቻ እሠራለሁ። ደንበኛ ይቆጣል፤ አንዳንዱም ተነሥቶ ይሄዳል። ያን እችለዋለሁ። ያልቻልኩት ሌላ ነው። እኔ የመለስኩት ዓሣ በዚያው ሰዓት እዚያው መንገድ ላይ ይሸጣል። ዓሣ የሚያመጣልኝን ልጅ ወንዝ መግቢያ ላይ አትዘርጋ ብዬ ለመንኩት። «እታለም፣ እኔ ብተወው ሌላው ያነሣዋል» አለኝ። መልስ አጣሁለት፤ ምክንያቱም እውነቱን ነው። እሱ ቢተው ዓሣው አይተርፍም፤ የልጆቹ እራት ብቻ ነው የሚቀረው። ጀልባ ያለው በወንዝ ዳር ገበሬ ያሳብባል። ገበሬው በጀልባው። አንዳንዱ ዓሣ የሚመርዘውን የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ወንዝ ውስጥ ይበትናል፣ ሌላው ወንዙን በመረብ ከዳር እስከ ዳር ይዘጋል። ሁሉም ሌላው ከመቅደሙ በፊት ይቀድማል። ለዚህ ነው የኔም የልጁም ቅን ልብ ብቻውን የማይበቃው። ክልከላው ለሁሉም በአንድ ቀን መጀመር አለበት።

ሕግ የለም እንዳይባል የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ሃያ ዓመት አልፎታል። ለንግድ የሚያሰግር ሰው ፈቃድ እንዲኖረው ይጠይቃል። ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ሄጄ ክረምት ላይ ማን እንደሚቆጣጠር ጠይቄ ነበር። ጀልባ የለንም፣ ነዳጅ የለንም አሉኝ። አምናቸዋለሁ። ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሌሊት መረብ የሚጥልን ሰው በአንድ ጀልባ እያሳደዱ አይደረስበትም።

ስለዚህ ቁጥጥሩ ከውሃው ይውጣ እላለሁ። መረብ የሚሸጥ ሱቅ መሬት ላይ ነው። ዓሣ የምንገዛው እኛ ሆቴሎችና ምግብ ቤቶች መሬት ላይ ነን፤ አድራሻችን ይታወቃል፣ ንግድ ፈቃድ አለን። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ነጭ ዓሣ ማቀዝቀዣው ውስጥ የተገኘበት ቤት ይቀጣ። ያን ጊዜ የሚገዛው ስለማይኖር የሚያወጣም አይኖርም። ሚዛን የያዘ አንድ ሠራተኛ ጠዋት ጠዋት ዓሣ የሚራገፍበት ቦታ ቢቆም፣ ሐይቁ ላይ ከሚንከራተት ጀልባ የበለጠ ይሠራል። ወንዝ መግቢያዎቹ ደግሞ ጥቂት ናቸው። እዚያ ያሉት የአካባቢው ወጣቶች ለአራት ወር ያህል ደሞዝ ተከፍሏቸው ቢጠብቁ ሐይቁን ሁሉ መጠበቅ አያስፈልግም። ለዕለት ምግቡ በታንኳ የሚያሰግረው ሰው ግን የመጀመሪያው ተቀጪ መሆን የለበትም። ሁልጊዜ እሱ ላይ ነው የሚቀለው። በመቶ ሜትሮች የሚቆጠር መረብ ዘርግቶ በማዳበሪያ የሚጭነው ይቅደም።

ፍልሰታን ሳላነሣ አላልፍም። ጾሙ ነሐሴ 1 ይገባል። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ለአባቶች እተዋለሁ። እኔ የማውቀው ገበያውን ነው። ሥጋ ቤቱ ሲዘጋ ሰው ወደ እኛ ይመጣል፣ የዓሣ ዋጋ ይወጣል፣ መረቡም ይበዛል። ነሐሴ ደግሞ ዓሣው ወንዝ መግቢያው ላይ የሚሰበሰብበት ወር ነው። ገበያው የሚጠራውና ዓሣው የሚወልደው በአንድ ወቅት ነው። ክልከላ የሚያወጣ ሰው ይህን ካላየ በወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል።

ሐይቁ ሰፊ ነው፣ አያልቅም የሚሉኝ አሉ። ውቅያኖስስ አልቋል። ካናዳ ኒውፋውንድላንድ አካባቢ ኮድ የሚባል ዓሣ ነበር፤ ሰዎች ለመቶዎች ዓመታት ኖረውበታል። ትልልቅ መርከቦች መጥተው፣ ለመራባት የተሰበሰበውን ዓሣ እየተከተሉ በብርዱ ወራት ሳይቀር አነሡት። እ.ኤ.አ. በ1968 ብቻ 800,000 ቶን ገደማ ወጣ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1992 የካናዳ መንግሥት ማስገሩን ዘጋ። ለሁለት ዓመት ብቻ ነው ተብሎ ነበር። ከ30,000 በላይ ሰው ሥራውን አጣ። ለንግድ በመጠኑ እንደገና የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2024 ነው፣ ከ32 ዓመት በኋላ። እነሱ ጀልባም፣ ነዳጅም፣ ተመራማሪም ነበራቸው። ዓሣቸው ደግሞ ሌላ ባሕር ላይ ዘመድ ነበረው። የኛ 15 ዝርያዎች ሌላ ቦታ ዘመድ የላቸውም።

ርብ ላይ ስለተሠራው ግድብና ከወንዞቻችን ስለሚዛቀው አሸዋና ጠጠር ሌላ ሰው ይጻፍበት፤ እንቁላል የሚጣለው ጠጠሩ ላይ ስለሆነ ጉዳዩ ቀላል አይደለም። እኔ የምጠይቀው ዘንድሮ ሊደረግ የሚችለውን ነው። ክልሉ ከሰኔ መጨረሻ በፊት ዓሣ አስጋሪ ማኅበራትን፣ ሆቴሎችንና ዓሣ ቤቶችን አንድ ላይ ይጥራ። የሚዘጉት ወንዝ መግቢያዎች በስም ይነገሩ። ክልከላው የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን በሬዲዮ ይነገር፣ በየቀበሌው ይለጠፍ። እኛ ዓሣ ቤቶች በክረምት ነጭ ዓሣ ላለመግዛት በፊርማ እንግባ። እኔ ለመፈረም ዝግጁ ነኝ። ሌሎች ሦስት ባለ ዓሣ ቤቶችም ሁሉም ከፈረመ እንፈርማለን ብለውኛል።

ከአክብሮት ጋር
የዓሣ ቤት ባለቤት፣ ከባሕር ዳር